ነቢይ ያልሆነው እንግዳዬ

አርብ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሀዋሳ

ስሜ ትዕግስት ነው። ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ከሚቀልድበት እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። በዚህ ጉዞ ስሜ በቂ ተቀልዶበታል።

የሄድኩበት ጉዳይ ቀላል ነበር። ኬኔ የሚባል ወጣት ናይጄሪያዊ ገጣሚ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ሀዋሳ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎቻቸው ግጥም እንዲያነብ ጋበዙት። ግጥሞቹን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ አብሬው ሄጄ፣ አጠገቡ ቆሜ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ያነበበውን በአማርኛ አነባለሁ። ሄዶ፣ አንብቦ፣ ዓሣ በልቶ መመለስ። እኔ የገባኝ እንዲያ ነበር።

ቃሊቲ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪወጣ ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ኬኔ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ይሆናል። በዚያ ሙቀት ወፍራም ሰማያዊ ጃኬቱን አላወልቅም ብሎ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ገና ከከተማ ሳንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መድረክ ላይ ስታስተዋውቂኝ 'ናይጄሪያዊ' የሚለውን አውጪው» አለኝ።

«ለምን?»

«ሰው ናይጄሪያዊ ሲባል የሚጠብቀው ነገር አለ።»

አወጣሁት። ሞጆ ስንደርስ፣ «መልሺው፤ ያፈርኩበት ይመስላል» አለ። መለስኩት። መቂ ላይ መኪናው ቆሞ ሴቶች ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኮት እያቀበሉ ሲሸጡ፣ እኔ በግርግሩ መሀል ለአክስቴ ሽንኩርት ስገዛ፣ ክንዴን ነካ አድርጎ፣ «'ገጣሚ' የሚለውም ይቅር» አለኝ።

«እና ምን ልበል? 'ኬኔ፣ ሰው' ልበል?»

ቆጣ ብዬ ነው ያልኩት። እሱ ግን ከልቡ አሰበበትና፣ «እሱ ጥሩ ነው» አለ።

መስኮቱን ዘግቼ አፌንም ዘጋሁ። መንገዱ ከዝዋይ በኋላ አንዴ ለስላሳ፣ አንዴ ጉድጓድ ነው። ሾፌሩ ከጉድጓድ ሲያመልጥ የምንወድቀው እኛ ነን። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ጀሪካናቸው በወንበሬ ስር ተንሸራቶ በመጣ ቁጥር «ይቅርታ ልጄ» እያሉ ይመልሱታል። የግራር ዛፎቹ፣ ከብቶቹ፣ በየመንደሩ መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ፣ ሁሉም ቀስ እያለ ያልፋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ብሎኝ አይ ነበር።

ሻሸመኔ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ አስወረዱን። ጥበቃው መታወቂያ እየሰበሰበ ኬኔ ጋ ደረሰና በአማርኛ «መታወቂያ!» አለው። ኬኔ ፈገግ አለ።

«ምን ያስቅሃል?»

«የውጭ አገር ሰው ነው» አልኩ ፈጥኜ።

«ኧረ? የጋምቤላ ልጅ መስሎኝ።» ፓስፖርቱን ተቀብሎ ሲገልጥ ፊቱ በአንዴ በራ። «ናይጄሪያ! ፓስተር ነው?»

ጥበቃው ያለውን ስተረጉምለት የኬኔ ፈገግታ ጠፋ። ጥበቃው ግን ፓስፖርቱን በሁለት እጁ መለሰለትና አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሳለፈን። የሌላውን ተሳፋሪ ቦርሳ ሲያስፈታ የኛን አልነካም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ልናገር። በደቡብ ከተሞች ብዙ ጴንጤ አለ። የናይጄሪያ ሰባኪዎችን በቴሌቪዥንና በስልክ የማያይ ቤት ጥቂት ነው። ሕዝብ ፊት ቆመው የሰው ስም የሚጠሩ፣ የጠፋ ነገር የት እንዳለ የሚናገሩ ሰባኪዎች ናቸው። ስለዚህ «ናይጄሪያ» ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣው ነቢይ ነው።

መኪናው ውስጥ ተመልሰን ስንገባ ኬኔ ወደ መስኮቱ እያየ፣ «አባቴ እንደዚያ ያለ ሰባኪ ነው» አለኝ። «ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለው። እኔም ልጅ ሆኜ መድረክ ላይ ነበርኩ።»

የግጥም መጽሐፉ ውስጥ ሰው ፊት ቆሞ ትንቢት የሚናገር ልጅ አለ። ግጥም ውስጥ ያለውን ሁሉ እውነት ነው ብዬ ስለማልወስድ ፈጠራ መስሎኝ ነበር የተረጎምኩት። «ይህን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርሽ ሌላ ቃል ትመርጪ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ሀዋሳ ስንገባ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀምራለች። ፒያሳ ባለ ሆቴል አረፍን። እንግዳ ተቀባይዋ ፓስፖርቱን አይታ፣ «እማማ ራሳቸውን በጣም ያማቸዋል፤ ነገ ጠዋት አንድ ደቂቃ ቢጸልይላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ገጣሚ እንደሆነ ነገርኳት። «እሺ፣ ግን ቢጸልይላቸውስ?» አለች።

ቅዳሜ፦ ታቦር

ጠዋት ዓሣ ገበያው ሄድን። ጀልባዎቹ ገብተው፣ ወጣቶቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በፍጥነት እየቀረደዱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው እኩል ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ኬኔ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ እየበላ፣ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃኬቱን አወለቀ። ማንም ምንም አልጠየቀውም። ከጎናችን የተቀመጠ ሰውዬ ጋምቤላ ዓሣው እንዴት ነው ብሎ በአማርኛ ጠየቀው። ኬኔ አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ» አለ። የሚያውቃት የአማርኛ ቃል እሷ ብቻ ናት። ሰውዬውም መልስ ያገኘ ይመስል ረክቶ ወደ ዓሣው ተመለሰ።

«እዚህ መኖር እችላለሁ» አለኝ ኬኔ።

ይቺን ሰላም ያበላሸኋት እኔ ነኝ። አክስቴ ዱካሌ ሀዋሳ መጥቼ ቤታቸው ሳልበላ ብመለስ ዓመት ሙሉ ያኮርፉኛል። የአባቴ እህት ናቸው፤ ገበያ ውስጥ እህል ይነግዳሉ፤ የሚኖሩት ታቦር፣ ተራራው ስር ነው። እኔ አዲስ አበባ ስላደግሁ ሲዳምኛ በግማሽ እሰማለሁ፣ መናገር ግን አልችልም። እሳቸው በሲዳምኛ ይጀምራሉ፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ከዚያ እየተነጫነጩ ወደኔ ቋንቋ ይመጣሉ። በባጃጅ ወጣን።

ቡርሳሜ ሠርተው ጠበቁን። ቆጮውን በቅቤ አሽተው፣ በሸክላ ሣህን አቀረቡ። ኬኔ እጁን ታጥቦ በላ፤ ተጨመረለት፤ ደግሞ በላ። አክስቴ ደስ አላቸው። «ከወዴት ነው ልጁ?» አሉኝ።

መዋሸት ነበረብኝ። ጋምቤላ ማለት ነበረብኝ። «ናይጄሪያ» አልኩ።

አክስቴ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ተነሥተው ጓዳ ገቡና ፎቶ ይዘው መጡ። የልጃቸው የምሕረቱ ፎቶ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ብቻ ሳይሆን በልጅነቴ ክረምት ክረምት አብሬው የተጫወትኩት ልጅ ነው። በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። መጨረሻ የደወለው ከማላዊ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመት አልፎ ሌላው ሊያልፍ ነው፤ ድምፁ የለም።

«ንገሪው» አሉኝ። «በሕይወት አለ ወይ በዪው። ሌላ አልጠይቀውም። አለ ወይም የለም ይበለኝ።»

«አክስቴ፣ እሱ እኮ ገጣሚ ነው።»

«አንቺ ንገሪው ብቻ። መልሱ የሱ ነው።»

ነገርኩት። ኬኔ ፎቶውን አየ። እጁን አልዘረጋም። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፤ ሰው ከከፍታ ላይ ወደ ታች ሲያይ እንደሚሆነው ነው። «አልችልም» አለ። ተነሣ። «አልችልም በያት። እኔ እንደዚያ አይደለሁም። ማንም እንደዚያ አይደለም።»

የመጨረሻውን አልተረጎምኩም። መተርጎም ግን አላስፈለገም፤ አክስቴ ከፊቱ አነበቡት። ፎቶውን በነጠላቸው ሸፍነው ተቀመጡ። «ይሂድ» አሉ። «ልጁን ስላስጨነቅሁት ይቅርታ በዪው።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጮህኩበት። «አንድ ደቂቃ ዓይንህን ብትጨፍን ምን ይቀርብሃል? ለሴትዮዋ ብለህ!»

«አንድ ደቂቃ ዓይኔን ስጨፍን ነው ያደግሁት» አለኝ እሱም ጮክ ብሎ። በዚያው ባጃጅ ቆመልን። ሾፌሩ መስተዋቱን እያስተካከለ ከየት እንደመጣ ጠየቀው። «ከጋምቤላ!» አልኩት እኔ፣ በቁጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ አዳራሹ

አዳራሹ እንዲህ ይሞላል ብሎ የጠበቀ የለም። ጋባዡ መምህር በደስታ እጃቸውን ያፋትጋሉ። እኔ ግን ከፊት ረድፍ የተቀመጡትን አየሁ፤ ተማሪዎች አይደሉም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የመጡ የከተማው እናቶችና አባቶች ናቸው። ወሬው ከኛ ቀድሟል።

መምህሩ የአባቱን ማንነት ሰምተው ስለነበር ለብቻ ጠርቼ፣ «እባክዎ የአባቱን ነገር እንዳያነሡ» ብዬ ለምኜ ነበር። መድረክ ላይ ወጥተው ማይክራፎኑን እንደያዙ፣ «የታላቁ የእግዚአብሔር ሰው ልጅ» አሉ። እኔ ስንት ጊዜ የቀያየርኩት የማስተዋወቂያ ወረቀት እጄ ላይ እንደተጨማደደ ቀረ። ጭብጨባው ሲበርድ ኬኔ ወደ ማይክራፎኑ ቀረበ።

«ዛሬ ለማንም አልጸልይም» አለ። «ለዚህ የመጣችሁ ካላችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ አልቀየምም።»

ተረጎምኩ። ማንም አልወጣም። ከዚያ ትንቢት የሚናገረውን ልጅ ግጥም አነበበ። እኔም ተከትዬው፦

ትከሻዬ ላይ ያረፈው የአባቴ እጅ ነበር፤
ሰው የመንፈስ መስሎት አለቀሰ።
እኔም አለቀስኩ፤
እጁ ይከብድ ነበር።

ሲያልቅ ፊት ረድፍ ያሉ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «አሁን ታምናለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ጠዋት አምናለሁ፤ ማታ አላምንም። አንዳንዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።»

«እኛም ዶርም ውስጥ እንደዚሁ ነን» አለች። አዳራሹ ሳቀ። ኬኔም ሳቀ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ደህና የሆነ መሰለኝ።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ሰው ተሰለፈ። መጽሐፍ ሊያስፈርም መስሎን እስክሪብቶ አወጣን። የመጀመሪያዋ ሴት ወረቀት አልያዘችም፤ አንገቷን ደፍታ ራሷን ወደ እጁ አስጠጋች። ከኋላዋ ያሉትም እንደዚያው። ሁለታችንንም ሰምተው ነበር እኮ! በሁለት ቋንቋ ነግረናቸዋል! ኬኔ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ ሰው እንዳይነካ፣ ግድግዳውን እየታከከ ወጣ። መምህሩ፣ «ትሕትናው ይገርማል» አሉኝ።

እሑድ፦ ታቦር እንደገና

ጠዋት በየአቅጣጫው መዝሙር ነው፤ ከተማው በሙሉ ይዘምራል። የኬኔን በር አንኳኳሁ፤ የለም። ስልኩ አይነሣም። እንግዳ ተቀባይዋ፣ ጃኬቱን ለብሶ በባጃጅ እንደሄደ ነገረችኝ። «ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው አይደል?» አለች ተስፋ አድርጋ።

ዓሣ ገበያው ፈለግሁ፤ የለም። ሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለስኩ። ላብ በላብ ሆኜ፣ ለአዘጋጆቹ ምን ብዬ እንደምነግር እያሰብኩ ሳለ አክስቴ ደወሉ። «እዚህ ነው ያለው» አሉ። «ነይ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተያይተን ተቀምጠናል።»

ስደርስ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መሀላቸው ሻይና ዳቦ አለ። አክስቴ ለቤተ ክርስቲያን እንደለበሱ ናቸው፤ አልሄዱም። ሁለቱም ቀና ብለው፣ ያረፈድኩት እኔ የሆንኩ ይመስል ተመለከቱኝ።

«ምክንያቴን ልንገራት ብዬ ነው» አለኝ ኬኔ። «በትክክል ተርጉሚልኝ።»

ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ነው አለ። አንዲት ሴት ባሏ ለሥራ ወደ ባሕር ሄዶ ቀርቶባት፣ መድረኩ ስር ተንበርክካ ጠየቀችው። አባቱ በጆሮው ሹክ አለው። እሱም፣ «ዝናቡ ሳይጀምር ይመጣል» አላት። ሴትዮዋ እየዘለለች ወጣች። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፤ ባሏ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። አልተቆጣችም። ዝም ብላ ታየዋለች፤ የትኛውን ዝናብ ማለቱ እንደሆነ እንዲነግራት የምትጠብቅ ይመስል። ሲያድግ ለአባቱ ይህን አነሣበት፤ ተጣሉ፤ ከቤት ወጣ።

አክስቴ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሰሙት። «ምስኪን» አሉ፤ ለሴትዮዋ ይሁን ለሱ አላውቅም። ቆይተው፣ «እሺ፣ የኔን ተወው። በቃኝ። አንተ እናት አለችህ?» አሉት።

«አለች።»

«ደህና ናት?»

ኬኔ የሻይ ብርጭቆውን አሽከረከረ። «ይመስለኛል።»

«ምን ማለት ነው ይመስለኛል? መቼ ደወልክላት?»

«ከቤት ከወጣሁ ወዲህ አልደወልኩም። ሁለት ዓመት ሆነ። ብደውል አባቴ ያነሣዋል፤ እሷም የሱን ወገን ይዛ ነበር፤ እና...»

ሁለት ዓመት ያለውን ስተረጉም ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ። አክስቴ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ቁጥሯን ታውቃለህ?»

«በቃሌ።»

ያኔ ፈነዱ። አክስቴን እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ሲዳምኛ ነው፤ የቻልኩትን ያህል እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። «እኔ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው! የማላውቀው ቁጥር ሲደውል እግሬ ይከዳኛል! አንዴ ዕጣ ደረሰሽ የሚል ሌባ ነው፣ አንዴ በስሕተት ነው! አንተ ቁጥሩን በቃልህ ይዘህ... በሕይወት እያለህ... ቡርሳሜ እየበላህ!» ወደኔ ዞሩ። «ስለ እናቱ ይጽፋል?»

«ይጽፋል።»

«አንብባዋለች?»

ጠየቅሁት። አላነበበችም።

«ታዲያ ለኛ ምን ያነብልናል!»

ኬኔ ዓይኑ ቀላ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ፤ የሚያነሣ የለም። «እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ናት» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። እፎይ ሲል አየሁት። እውነት እላለሁ፣ በዚያች ቅጽበት ከሦስቱ ቀን ንዴት ሁሉ የባሰው መጣብኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበር። አክስቴም ደክሟቸዋል። ሲሰናበቱት ግን ትከሻውን ይዘው በሲዳምኛ ብዙ ተናገሩ። ቃሎቹ ለኔም አልደረሱኝም። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ፣ እሺ» አለ።

የመልስ መንገድ

ሻሸመኔን አልፈን ዝዋይ ልንደርስ ስንል ስልኩ ጠራ። ኬኔ ቁጥሩን አይቶ ደርቆ ቀረ። «አንሣው» አልኩት። አላነሣም። «አንሣው!» ብዬ ስጮህ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ።

አነሣው። «ሄሎ» ብቻ አለ፤ ያውም በቀጭኑ።

የስልኩ ድምፅ ከፍተኛ ስለነበር እናቱን እኔም ሰማኋት። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኢግቦ ነው፤ አንድም ቃል አላውቅም። እሱ ከሦስት ቃል በላይ የተናገረ አይመስለኝም። አብዛኛውን መንገድ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር፤ መስመሩ ግን አልተዘጋም። ሲጨርስ ጃኬቱን ራሱ ላይ ሸፈነና እስከ ሞጆ እንደዚያው ቆየ። አባትህስ ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። አልጠየቅሁም። ቃሊቲ ስንወርድ እሱው፣ «ከአባቴ ጋር ገና ነው» አለኝ። ተቃቅፈን ተለያየን። ማስተዋወቂያውን እንደገና የመቀየር ሐሳብ አላመጣም፤ እግዜር ይስጠው።

ቤቴ ገብቼ እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚህ ጉዞ ምን ተማርኩ ብባል፣ ሰው ከየት ነህ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱን ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞት እንደሚጠብቅ ተማርኩ፤ እሱን ለማረም መድከም እንዴት ያለ ድካም እንደሆነም በመጠኑ ቀምሻለሁ። የቀረውን ገና አላውቀውም።

አክስቴ ደወሉ።

«ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል፣ አክስቴ።»

«ያ ልጅ አገኛት?»

«መንገድ ላይ ራሷ ደወለች።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰምተሻታል?» አሉ።

«ሰምቻታለሁ።»

«ድምፁን ስትሰማ ምን አለች?»

ምን እንዳለች አላውቅም ልል ነበር። ግን የሰማሁት ነገር ነበር። «ስሙን ነው የጠራችው» አልኳቸው። «ደጋግማ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።»

«አዎ» አሉ አክስቴ። «እንደዚያ ነው የሚሆነው።»